ያለ ደመወዝ ፊደል ስላስቆጠሩ ሰዎች አጭር ታሪክ



የእድሩ ጸሐፊ በመሆኔ በየዓመቱ ለዚህ መጽሔት አንድ ነገር ጻፍ እባላለሁ። የትምህርት ደረጃዬ ስድስተኛ ክፍል መሆኑን የማያውቅ አባል የለም፤ ዕድሜዬን ያሳለፍኩትም በመዝገብ ቤት ውስጥ ፋይል ስፈልግና ደብዳቤ ስመዘግብ ነው። ስለዚህ የታሪክ ሊቅ ነኝ ብዬ አይደለም የምጽፈው። ነገር ግን ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተነሣው ክርክር ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ ስለነሣኝ፣ የማውቀውንና ያየሁትን ላስቀምጥ ብዬ ነው።

እንደሚታወሰው ሁለት የሰፈራችን ወጣቶች ጉባኤው ፊት ቀርበው፣ የእድሩን ቤትና አግዳሚ ወንበሮች ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ ብንፈቅድላቸው፣ ያለ ምንም ክፍያ ችግረኛ ልጆችን እናስጠናለን ብለው ጠይቀው ነበር። ብዙ ተባለ። አንድ የማከብራቸው አባት ተነሥተው «እድር የሬሳ ነው እንጂ የፊደል አይደለም፤ በነጻ ማስተማር የሚሉትም ከፈረንጅ የመጣ ወግ ነው» አሉ። ጉዳዩም ለሚቀጥለው ስብሰባ አደረ። እኔ ቃለ ጉባኤ እይዝ ስለነበር አልተናገርኩም፤ የሚጽፍ ሰው አይናገርም። አሁን ግን ብዕሩ በእጄ ነውና ልናገር። የፈረንጅ ወግ አይደለም።

ከየኔታ ልጀምር። በልጅነታችን የካ ሚካኤል ግቢ ከዛፍ ሥር ቁጭ ብለን ሀሁ የቆጠርን ዛሬም አንዳንዶቻችን በሕይወት አለን። የኔታ ደመወዝ የሚባል ነገር አልነበራቸውም። ያለው ቤተሰብ ለበዓል አንድ ነገር ይልካል፤ የሌለው ልጅ እንጨት ይለቅማል፣ ውሃ ይቀዳል፣ በዚያው ያልፋል። ከፍሎ ስላልተማረ የተባረረ ልጅ አላስታውስም። (በአለንጋ ብዛት ራሱ የጠፋ ግን አስታውሳለሁ። አንደኛው እኔ ነኝ፤ ሦስት ቀን ጠፍቼ በአባቴ ጆሮዬን ተይዤ ተመልሻለሁ።) ደግሞም የኔታ አንድ ሰው ናቸው፤ ያን ሁሉ ልጅ ብቻቸውን አያስቆጥሩም። ዳዊት የደረሰው መልእክተ የያዘውን፣ መልእክተ የያዘው ፊደል ቆጣሪውን እያስቆጠረ ነው ነገሩ የሚሄደው። ትንሽ የሚያውቅ ምንም የማያውቀውን ያስተምራል።

ሌላው ከሩቅ አገር የሚመጣው የቆሎ ተማሪ ነው። ዘመድ የለው፣ ቤት የለው፣ ለምድና አኩፋዳ ብቻ ይዞ በየደጃፉ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ይዞራል። እናቶቻችን ቁራሽ እንጀራ ያወጡለታል። ይህን ስናይ ለማኝ ልጅ ነው እንል ነበር እንጂ ትምህርት ቤት ነው አላልንም። ትምህርት ቤት ግን ነበር። ፊደሉን የኔታ ይሰጣሉ፣ እንጀራውን ሰፈሩ ይሰጣል። ሁለቱ አንድ ላይ ካልሆኑ ያ ልጅ ድጓ ሊደርስ ቀርቶ ሀ ግዕዝ ሁ ካዕብንም አይጨርስ። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

በቤታችን ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውን የፊደል ገበታ ደግሞ የማያውቀው የለም። የተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ ሥራ ነው። በእኛ ዘመን ያንን ገበታ ሳይዝ ፊደል የቆጠረ ልጅ ጥቂት ነው። በጃንሆይ ጊዜም፣ በ1948 ዓ.ም. ግድም፣ «የፊደል ሠራዊት» የሚባል ማኅበር ተነሥቶ ማንበብ የማይችለውን ሕዝብ ለማስተማር ይጥር ነበር። እኔ ያን ጊዜ ገና አልተወለድኩም፤ የሰማሁትን ነው የምጽፈው።

አሁን ወደ ዋናው ሰው ልምጣ። እርሳቸውም የቡልጋ ሰው ናቸው፤ ቡልጋ ምን እንዳለው እንጃ። አቶ አስፋው የምሩ ይባላሉ። በዘጠኝ ዓመታቸው ገደማ ከአገራቸው ብቻቸውን በእግር ተነሥተው አዲስ አበባ ገቡ። ዘመድ የላቸውም። አራዳ ጊዮርጊስ ቅጥር ከለማኞችና ከመንገድ ልጆች ጋር አደሩ። ሰው ቤት ተቀጥረው እያገለገሉ፣ እየተማሩም፣ በጉብዝናቸው ጄኔራል ዊንጌት ት/ቤት ገቡ። ዊንጌት በ1938 ዓ.ም. ግድም የተከፈተ አዳሪ ት/ቤት ነው፤ ለተማሪው አልጋና ምግብ ይሰጣል። ከአራዳ ቅጥር ወጥቶ እዚያ የገባ ልጅ ምን ይላል? እግዜር ይመስገን ብሎ በሩን ዘግቶ ያጠናል። ማንም ቢሆን እንዲህ ያደርጋል፤ እኔም አደርግ ነበር።

እርሳቸው ግን በሩን አልዘጉም። ከተማሪዎች ማዕድ የተረፈውን ምግብ እየሰበሰቡ በአጥሩ ውጪ ለሚጠብቁ ችግረኛ ልጆች ያከፋፍሉ ጀመር። ልጆቹም ከበሉ በኋላ አስተምረን አሏቸው። በዚያው አጠገብ ባለው በጴጥሮስ ወጳውሎስ ቤተ ክርስቲያን ዘንድ፣ ከአንድ ትልቅ ዛፍ ጥላ ሥር ማስተማር ያዙ። ዘመኑ 1950 ዓ.ም. ግድም ነው፤ ዕድሜያቸው አሥራ አራት ቢሆን ነው። አሥራ አራት! የእኔ የልጅ ልጅ አሥራ አራት ዓመቱ ነው፤ ጫማውን እናቱ ናት የምታስርለት።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ በሰፊው የታወቀ ስለሆነ አላንዛዛም። የልጆቹ ቁጥር በዛ፣ ከንጉሠ ነገሥቱ መሬት ለምነው አገኙ፣ ት/ቤቱም «አሠረ ሐዋርያት» ተባለ። አሠር በግዕዝ ዱካ ማለት ነው፤ የሐዋርያት ዱካ እንደማለት። ክፍያ የለም። ዱላም የለም። መዝገብ ቤት አብሮኝ ብዙ ዘመን የሠራ አንድ ሰው የዚያ ት/ቤት ፍሬ ነበር፤ ስለ የኔታ አለንጋ ባወራሁለት ቁጥር «እኛ ሳንገረፍ ነው የተማርነው» እያለ ያበሽቀኝ ነበር። ትምህርት የጨረሱት ተመልሰው ታናናሾቻቸውን ያስተምራሉ፤ ይኸው የየኔታው ደንብ ነው፣ ዳዊት የደረሰው ፊደል ቆጣሪውን እንደሚለው። ከመቶ ሺህ በላይ ልጆች በዚያ እንዳለፉ ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ2001 ከስዊድን አገር የሚሰጠውን የዓለም የልጆች ሽልማት ተሸለሙ። በ2013 ዓ.ም. በዚያ በክፉው የኮሮና ጊዜ ዐረፉ።

እኔ ግን ከዚህ ሁሉ አንዲቱን ነገር ነው የምይዘው። በመጀመሪያ ያቀረቡት ፊደል አይደለም። ምግብ ነው። ፊደሉ የመጣው ልጆቹ ከበሉ በኋላ ነው፤ የጠየቁትም ራሳቸው ልጆቹ ናቸው። አሥራ አራት ዓመት የሞላው ልጅ ይህን ያወቀው ከመጽሐፍ አይደለም፤ አራዳ ጊዮርጊስ በራብ ስላደረ ነው።

እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ባለማወቄ የሠራሁትን ስሕተት ደግሞ አሁን ልጽፍ ነው። ሰው ፊት ተናግሬው አላውቅም፣ ባለቤቴም ከዚህ ጽሑፍ ነው የምትሰማው።

በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ተማሪዎች ወደ ገጠር ሲወጡ እኔ ገና ልጅ ነበርኩና አልደረሰኝም። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ ግን ሃያ ዓመቴ ነበር፤ አዲስ የተቀጠርኩ ጸሐፊ ነበርኩ። በዚያን ጊዜ ከአገሩ ሕዝብ ከመቶ 93ቱ ማንበብና መጻፍ አይችልም ይባል ነበር። ዘመቻው በአምስት ቋንቋዎች ተጀምሮ ኋላ አሥራ አምስት ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ በኩል የዓለም አቀፍ የንባብ ማኅበር ሽልማት አግኝቷል። እናቶቻችን በስተርጅና ስማቸውን ጻፉ፤ ይህን ማንም ሊክደው አይችልም። በፈቃድ ነበር ወይ ለሚለው ግን፣ የዘመኑ ሰው ራሱ «የውዴታ ግዴታ» ብሎታል። እኔን ትፈልጋለህ ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም፤ ተመድበሃል ተባልኩ። ስድስተኛ ክፍል የጨረሰ ሰው በሰፈሩ እንደ ሊቅ ይቆጠር ነበርና እኔም ደረቴን ነፍቼ ሄድኩ። ከሥራ ስወጣ በ11 ሰዓት በቀበሌው አዳራሽ፣ ጠመኔና ጥቁር ሰሌዳ ይዤ። ክረምት ነው፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው «ለ» ይሁን «ሰ» ይሁን የምለው አይሰማም።

ከተመዘገቡት መካከል አንዲት እንጨት ተሸካሚ ነበረች። እንግዲህ የፈረንሣይ ለጋሲዮንንና የጉራራን ሰፈር ለማያውቅ ወጣት አባል ላስረዳ። አጼ ምኒልክ ከእንጦጦ ወደ ፍልውሃ ከወረዱ በኋላ አገሩ እንጨት አጥሮት ባሕር ዛፍ ተተከለ፤ የእንጦጦ ተራራም እስከ የካ ድረስ ባሕር ዛፍ ለበሰ። ከዚያ ወዲህ ነው እንግዲህ የከተማው እንጀራ በእነዚህ ሴቶች ጀርባ የተጋገረው። በሌሊት ይወጣሉ፣ ጭራሮና ቅጠል ይለቅማሉ፣ ከጥበቃ ይደበቃሉ፣ ጎንበስ ብለው ቁልቁለቱን ይወርዳሉ፣ ሾላ ገበያ ወይም በየሰፈሩ ይሸጣሉ። ሁላችንም ቅጠሉን ገዝተናል። የተሸከመችውን ፊት ቀና አድርጎ ያየ ግን ጥቂት ነው፤ እርስዋም ቀና ማለት አትችልም።

ይህች ሴት ስትመጣ ልጅዋን ይዛ ትመጣ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ቢሆናት ነው። በሩ አጠገብ ቁጭ ብላ፣ እናትዋ «ሀ»ን ሳትጨርስ እርስዋ «መ» ትደርሳለች። ደስ ብሎኝ ስሟን በመዝገብ ጨመርኩ። በሦስተኛው ሳምንት ስሟን ጻፈች። ከዚያ መቅረት ጀመረች፤ ዛሬ ትመጣለች፣ ነገ ትቀራለች። እኔ በመሥሪያ ቤት የቀሪ መዝገብ የምይዝ ሰው ነኝ፤ ሦስት ጊዜ ያለ ፈቃድ የቀረ ይሰረዛል ብዬ ደንብ ያወጣሁት ራሴ ነኝ፣ ማንም አላዘዘኝም። መዝገቤ ንጹሕ እንዲሆን ፈልጌ ነው። በቀይ ቀለም ሰረዝኳት።

ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ ከጉራራ በላይ ባለው ቁልቁለት አገኘኋት። ዝናብ መትቷታል። የተሸከመችው ቅጠል ከርስዋ ይበልጣል፤ ከኋላ ላየው እግር ያወጣ ክምር ይመስላል። ለማለፍ ወደ አጥሩ ጠጋ ስትልልኝ አየችኝና፣

«ጋሼ፣ ስሜ ተሰረዘ እንዴ?» አለችኝ።

«አዎ ተሰርዟል። ማን ቅሪ አለሽ?» አልኳት።

ምንም አልመለሰች። ሄደች። ብዕሬ በኪሴ ነበር።

በመጨረሻ እናትየዋ ፈተናውን አልፋ የምስክር ወረቀት ወሰደች። ከክፍሉ ሁሉ አንድም ቀን ያልቀረች እርስዋ ናት ብዬ በስብሰባ ላይ አመስግኛታለሁ። አንድም ቀን ያልቀረችው በገበያ ቀን ሸክሙን ልጅቷ ስለተቀበለቻት መሆኑ የገባኝ ስንት ዘመን ቆይቶ ነው። ለካስ አንዲት የምስክር ወረቀት ሁለት ሰው ነው የከፈለባት።

እናትየዋ የእድራችን አባል ሆና ቆይታ በ1993 ዓ.ም. ዐረፈች። ያኔ የእድሩ ሒሳብ ጸሐፊ ነበርኩ። ልጅዋ፣ ያን ጊዜ የልጆች እናት ሆናለች፣ ገንዘቡን ልትቀበል መጣች። እዚህ ላይ ፈርሚ ብዬ ብዕር ሰጠኋት። ብዕሩን አልተቀበለችም፤ አውራ ጣትዋን ዘረጋች። «እችል ነበር ጋሼ፤ እጄ ረሳው» አለች። የቀለሙን ሣጥን ከፍቼ ያቀረብኩላት እኔ ነኝ። ያ የጣት አሻራ ያለበት ወረቀት እስከ ዛሬ በእድራችን ሰነድ ውስጥ አለ። አስታወሰችኝም አላስታወሰችኝም አላወቅኩም፣ መጠየቅም ፈርቼ ነበር።

እንግዲህ እኔም ያለ ደመወዝ አስተምሬያለሁ። በዘመኑ የነበረን ጉድለት የአስተማሪ አልነበረም፤ አስተማሪስ እንደኔ ያለው ሞልቶ ነበር። የጎደለው የዚያችን የገበያ ቀን ሸክም የሚያቀልልላት ሰው ነው። የኔታ ሲያስተምሩ እንጀራውን ሰፈሩ ይችል ነበር ብያለሁ። እኛ ዘመናዊ ሆንን ብለን ፊደሉን ብቻ ይዘን እንጀራውን ተውነው።

ደግሞ አልተውነውም የሚል ካለ እርሱም እውነት አለው። በ1990ዎቹ በኤድስ ምክንያት ቀብር በበዛ ጊዜ፣ በአዲስ አበባ ብዙ እድሮች ደንባቸውን እያሻሻሉ፣ ወላጆቻቸውን የቀበሯቸውን ልጆች መርዳት ጀምረው ነበር፤ ደብተር፣ የደንብ ልብስ፣ አንዳንዱም ቀለብ። ያኔ «እድር የሬሳ ነው» ያለ ሰው አልነበረም ማለቴ አይደለም፤ ነበረ። ነገር ግን አባትና እናቱን ቀብረን ድንኳን ነቅለን ስንመለስ ልጁ ደጃፍ ላይ ቆሞ ያየናል፤ ምን ብለን እናልፈዋለን? የእድራችን ስም እኮ ሲጻፍ «መረዳጃ» ነው የሚለው። ማኅተሙ ላይ ተቀርጿል፤ የማያምን ከእኔ ዘንድ መጥቶ ያንብብ።

በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የከተማው አስተዳደር በመንግሥት ት/ቤቶች ለልጆች ምገባ ጀመረ። መንግሥትን ለማመስገን ብዬ አይደለም የማነሣው፤ ልጅ በባዶ ሆዱ አይማርም የሚለው ነገር፣ ከዊንጌት አጥር ሥር ከተጀመረ ከስድሳ ዓመት በኋላ፣ በደንብ ሲጻፍ ለማየት በመብቃቴ ነው። የእንጦጦ ተራራም በዚያው ጊዜ ግድም መናፈሻ ሆኗል፤ ትናንት ጭራሮ የሚለቀምበት ዛሬ ሰው በብስክሌት ይዝናናበታል።

ታዲያ ምን ቀረ የሚል ይኖራል። ከቤታችሁ ወጥታችሁ እዩ። ከገጠር መጥታ ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ በቀን ትምህርት ቤት የለችም፤ ምገባው አያገኛትም። ሊስትሮው፣ ሎተሪ አዟሪው፣ ማስቲካ የሚሸጠው እንደዚሁ ነው። ትምህርት ቤት ያለውም ቢሆን ቅዳሜና እሑድ ምገባ የለም። ወጣቶቹ የጠየቁት ቀን ደግሞ ቅዳሜና እሑድ ነው። ይህን አስበውበት ይሁን ሳያስቡ አላውቅም፤ ሳያስቡ ከሆነም እግዜር አስቦላቸዋል።

አንድ ሥጋት አለኝ፣ እርሱንም አልደብቅም። ወጣት ይጀምራል፣ ይደክመዋል፣ ሥራ ያገኛል፣ ይሄዳል። በሦስተኛ ወር በሩ ተዘግቶ ልጆቹ ደጅ ሲጠብቁ ማየት ከመጀመሪያው አለመጀመር ይሻላል። ስለዚህ ቢያንስ አንድ የትምህርት ዓመት እንደሚቆዩ፣ አንዱ ቢሄድ ሌላ ተክቶ እንደሚሄድ፣ በጽሑፍ ይፈርሙልን እላለሁ። ከእኛ በኩል ደግሞ ወንበሩን ብቻ ሰጥተን እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥ። ትልልቆቹን ብረት ድስቶች የምናወጣቸው ለለቅሶ ነው። ሰው ካልሞተ ድስታችን አይጣድም፤ በመጋዘን ሸረሪት ያደራበታል። ለአርባና ለሃምሳ ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ ሻይ በዳቦ ወይም ንፍሮ ማቅረብ የሚያቅተው እድር አይደለም። ከሴቶች አባላት ሦስቱን አነጋግሬያለሁ፤ ተራ እንይዛለን ብለውኛል። ስማቸውን ያልጻፍኩት እነርሱ ስላልፈቀዱ ነው።

ያ የተናገሩ አባት ይህን አንብበው ቢቈጡኝ መብታቸው ነው፤ ሻይ እየጠጣን እንወያያለን። በሚቀጥለው ስብሰባ ግን እኔ ቃለ ጉባኤውን ለሌላ ሰው ሰጥቼ እጄን አወጣለሁ።

ጉባኤው ከፈቀደ የልጆቹን መዝገብ እኔ እይዛለሁ። ደብተሩን ገዝቼ አስምሬዋለሁ። «ቀሪ» ከሚለው አጠገብ «የቀረበት ምክንያት» የሚል ሰፋ ያለ አምድ አድርጌበታለሁ፤ ቀይ ብዕር አልገዛሁም። ከአግዳሚዎቹ ውስጥ ግን አራቱ እግራቸው ተነቃንቋል፤ ሚስማርና መዶሻ ያለው አባል ከስብሰባው በፊት ቢያገኘኝ መልካም ነው። የመጋዘኑ ቁልፍ እኔ ዘንድ ነው።